አንድ እስር አስፓራገስ፣ አንድ ጆንያ አቮካዶ
(በጅማ ለአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ጉባኤ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አካም ጅርቱ! እንደምን አደራችሁ!

ስለ ገበያ እንድናገር ነው የተጠየቅኩት። የምጀምረው እኛ ጋ ከማይሸጥ አትክልት ነው። አስፓራገስ ይባላል። ጫካችን ውስጥ ያለችው ሰሪቲ ዘመዱ ናት። የሚበላው ከመሬት ብቅ የሚለው ለጋ ቡቃያ ነው።

ጀርመኖች ነጩን ይወዳሉ። ነጭ የሚሆነው አፈር ተከምሮበት፣ ፀሐይ ሳያየው ስለሚቆረጥ ነው። መንገድ ዳር በተተከሉ ትንንሽ ሱቆች ይሸጣል። ውፍረቱ፣ ቀጥ ማለቱ፣ ጫፉ አለመከፈቱ እየታየ ደረጃ ይወጣለታል። የተሰበረው ለብቻው፣ ለሾርባ ተብሎ በርካሽ ይሄዳል። ሰኔ 17 ሲደርስ ቆረጣው ያበቃል፤ ተክሉ ለከርሞ ይረፍ ተብሎ። ሰው ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት ሲናፍቀው ይከርማል።

ጣሊያን ውስጥ ባሳኖ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ እስሩን የሚያስሩት በለጋ የአኻያ ቅርንጫፍ ነው። ሌላ ቦታ የበቀለ በባሳኖ ስም አይሸጥም፤ ሕግ ይከለክላል። እኛስ ጎመናችንን በኮባ አናስርም? ማሰሩን እናውቃለን። ያጣነው ስሙን ነው።

አምና የሆነብኝን ልንገራችሁ። ሌሊቱን ከልጆቼ ጋር አቮካዶ ስንለይ አደርን። ትልቁን ለብቻ፣ መካከለኛውን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ። አንዱ ሌላውን እንዳይመታው በኮባ ቅጠል ለየነው። ትንሿ ልጄ ፋኖሱን ይዛ እንቅልፍ እያዳፋት ነበር። ጠዋት ነጋዴው በአይሱዙ መጣ። ሦስቱንም ሳጥን አንድ ጆንያ ውስጥ ገለበጠው! «አባባ፣ ሁሉም አቮካዶ አይደል?» አለኝ። በትንሹ ዋጋ ከፈለኝ። ልጄ ቆማ ታይ ነበር።

ቡናችንስ? የውጭ ገዢ የሚያውቀን «ጅማ 5» ብሎ ነው። አምስተኛ ደረጃ! የአባ ጅፋር አገር ስም ከአምስት ቁጥር ጋር ተጣብቆ ዓለምን ይዞራል። ይህ የመሬታችን ጥፋት ነው? አይደለም! አጋሮ አካባቢ ያሉ ማኅበራት ቀዩን ብቻ ለቅመው፣ አጥበው፣ ለይተው ሲሸጡ ገዢው አጋሮን በስሙ መጥራት ጀመረ። መሬቱ ያው የእኛው መሬት ነው። የቀላቀልነው እኛ ነን፣ ሲቀላቀልም ዝም ያልነው እኛ ነን!

ፔሩም አለች። በረሃማ ዳርቻ ላይ አምርታ አረንጓዴውን አስፓራገስ በአውሮፕላን አሜሪካ ታደርሳለች። እኛ ገና ከአቮካዶው ነን።

የምጠይቀው ይህን ነው። ከመጪው ሐሙስ ገበያ ጀምሮ ሦስት መጠን፣ ሦስት ሳጥን፣ ሦስት ዋጋ። ሳጥኑ ላይ ጅማ ተብሎ ይጻፍ። እቀላቅላለሁ የሚል መኪና ባዶውን ይመለስ። የመጀመሪያውን ሐሙስ ሚዛኑን እኔ እይዛለሁ።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ።