ሩት ማፕ፦ ይሄ ወሬ ከማን ነው የመጣው?

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ ሩት ማፕ ነው፤ ራውተር የትኛውን ሩት (ወደ አንድ ኔትወርክ የሚወስድ መንገድ) ያሳልፍ፣ የትኛውን ይጣል የሚል መመሪያ። ባለፈው ቪዲዮ ኦኤስፒኤፍን እና ኢአይጂአርፒን፣ ማለትም ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩባቸውን ሁለት ፕሮቶኮሎች፣ በሁለት ራውተር አገናኝተን፣ ሁሉንም ሩት ከወዲህ ወደዚያ፣ ከወዲያ ወደዚህ በጅምላ ለቀነው ነበር፤ ሪዲስትሪቢውሽን የሚባለው ይሄ ነው። ሠራ አይደል? ለጊዜው ሠራ። ያላያችሁት መጀመሪያ እሱን እዩና ኑ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደግሞ... እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

እሺ። አሁን ስለ ወሬ ላውራችሁ። አዎ፣ ስለ ወሬ።

ሁለት ሰፈር አለ እንበል፤ ላይ ሰፈር (ኦኤስፒኤፍ) እና ታች ሰፈር (ኢአይጂአርፒ)። መሃል ላይ ሁለት ወሬ አመላላሾች አሉ፤ ሁለቱ ራውተሮቻችን። ወሬው ደግሞ ሩቱ ነው። አንድ ቀን ታች ሰፈር ወሬ ይነሣል፦ «እዚያ ቤት በዚህ በኩል ነው የሚኬደው»። የመጀመሪያው አመላላሽ ይሰማና ላይ ሰፈር ወስዶ ይነዛዋል። ላይ ሰፈር ይቀባበለዋል። ከዚያ ሁለተኛው አመላላሽ ይሰማዋል፤ ከማን? ከላይ ሰፈር! ልብ በሉ፣ ወሬው የተነሣው ታች ነው፤ እሱ ግን ላይ ሰማው። «አዲስ ወሬ ይዤ መጣሁ!» እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ሰፈሮችም «ለካ በላይ በኩልም ይኬዳል» ብለው አረፉት። የገዛ ወሬያቸውን ከሰው ሰምተው አመኑ። ወደዚያ ቤት የተነሣ መንገደኛ ላይ ታች፣ ላይ ታች ሲል ይውላል። ሩቲንግ ሉፕ ማለት ይቺ ናት።

ቆይ ግን፣ ሁለተኛው አመላላሽ እኮ ወሬውን ከታችም ሰምቶታል። ለምን የላዩን አመነ? እሱ የሚመዝነው ወሬውን ሳይሆን ነጋሪውን ስለሆነ ነዋ! ሲስኮ ራውተር ላይ ይሄ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ ነው፤ የነጋሪው የታማኝነት ቁጥር። ኦኤስፒኤፍ 110። ኢአይጂአርፒ የራሱ ሩት ሲሆን 90፣ ከውጭ የገባበት ሲሆን 170። ያነሰው ይታመናል። ስለዚህ 90ው አያሳስበንም፣ በታማኝነት ኦኤስፒኤፍን ይበልጠዋል። ጣጣው ያለው 170ው ጋ ነው።

መድኃኒቱስ? አመላላሹ ወሬውን ሲያቀብል ምልክት ይለጥፍበታል፦ «ይሄ የታች ሰፈር ነው»። ሌላኛው ምልክቱን ያይና «የራሳቸውን መልሼ አልወስድላቸውም» ይላል። ምልክቱ ታግ ነው። አመላላሹ ኪሱ ውስጥ የያዘው መመሪያ ደግሞ ሩት ማፕ። ይሄን ምሳሌ እወደዋለሁ፤ ሙሉ ቪዲዮውን በሱ ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ ግን ኮንፊጉን፣ ራውተሩ ላይ የምንጽፈውን ትእዛዝ፣ ትጠብቃላችሁ።

ኮንፊጉ ይኸው፤ በፍጥነት፤ ስክሪኑን እያያችሁ። «ኢ» ኢአይጂአርፒ፣ «ኦ» ኦኤስፒኤፍ ነው። ዲናይ ማለት ጣል፣ ፐርሚት አሳልፍ፤ ማች ታግ ማለት ይሄ ምልክት ካለበት፣ ሴት ታግ ይሄን ምልክት ለጥፍ። 10 እና 20 የተራ ቁጥር ናቸው።

[ስክሪን ላይ]
ሩት-ማፕ ከኢ-ወደ-ኦ ዲናይ 10
 ማች ታግ 110
ሩት-ማፕ ከኢ-ወደ-ኦ ፐርሚት 20
 ሴት ታግ 90

ሩት-ማፕ ከኦ-ወደ-ኢ ዲናይ 10
 ማች ታግ 90
ሩት-ማፕ ከኦ-ወደ-ኢ ፐርሚት 20
 ሴት ታግ 110

ከዚያ ራውተር ኦኤስፒኤፍ ውስጥ ገብታችሁ ሪዲስትሪቢውት ኢአይጂአርፒ፣ ሰብኔትስ፣ ሩት-ማፕ ብላችሁ ስሙን። በኢአይጂአርፒ በኩልም እንደዚያው፣ ሜትሪኳን (የመንገዱን መለኪያ ቁጥሮች) ግን እንዳትረሱ፦ 10000 100 255 1 1500። ሜትሪክ ካልሰጣችሁት ኢአይጂአርፒ የኦኤስፒኤፍን ሩት አይወስድም። ሁለቱም ራውተር ላይ ያው ነው። 90 እና 110 ያልኩት እንዲታወሰኝ ነው እንጂ ታጉ 7 ቢሆንም ግድ የለውም። ጨረስን።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ስንት ሰው ነው ይሄን የጻፈው! «ፕሪፊክስ ሊስቴ ላይ ዲናይ ብያለሁ፣ ኔትወርኩ ግን ያልፋል፤ ራውተሩ ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም። አልተበላሸም! ፕሪፊክስ ሊስት፣ የኔትወርክ አድራሻዎች ዝርዝር ማለት ነው፣ ሩት ማፕ ውስጥ ሲገባ በር አይዘጋም። ሥራው አንድ ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው፦ ይሄ ሩት የምትሉት ነው ወይስ አይደለም? ፐርሚት ካለ «አዎ፣ ነው»። ዲናይ ካለ «አይ፣ እሱ አይደለም፤ ቀጥል»። ይቀጥልና የሚቀጥለው ቁጥር ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ባዶ ፐርሚት 20 ካለ፣ ማች የሌለው ሁሉን ይቀበላልና ያልፋል። የሚጥለው ሩት ማፑ ራሱ ላይ ያለው ዲናይ ነው። እና ሩት ማፑም ዲናይ፣ ፕሪፊክስ ሊስቱም ዲናይ ሲሆንስ? አይጣልም! ይሄም «እሱ አይደለም፣ ቀጥል» ነው። እኔ ሩት ማፕ ውስጥ በማስገባው ሊስት ላይ ዲናይ የሚል ቃል አልጽፍም። ፐርሚት ብቻ። መጣል ስፈልግ ሩት ማፑ ይጣል። የሚቃወመኝ ካለ ኮሜንት ላይ እንገናኝ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሩት ማፑ መጨረሻ ላይ ሁሉን የሚጥል የማይታይ ዲናይ አለ። እኔ አንዴ ላብ ላይ ዲናይ 10 ጽፌ፣ ፐርሚት 20ን ረስቼ፣ ሩቶቹ ሁሉ ድራሻቸው ጠፋ። ግማሽ ቀን ኬብል ስነካካ ነበር። ኬብል!

ስታረጋግጡ ሾው ሩት-ማፕ በሉ። «ፖሊሲ ሩቲንግ ማችስ፣ 0 ፓኬትስ» ይላችኋል፤ እንዳትደነግጡ፣ ያ ቆጣሪ የፖሊሲ ሩቲንግ ነው፣ ሪዲስትሪቢውሽንን አይቆጥርም። ይልቅ ሾው አይፒ ሩት ብላችሁ ኔትወርኩን አስከትሉና ታጉን እዩ።

ታጉ ወሬው እንዳይመለስ ያደርጋል እንጂ፣ ሁለተኛው አመላላሽ አሁንም 110ን ከ170 አስበልጦ ያምናል። ሉፕ የለም፣ መንገዱ ግን ይዞራል። ኦኤስፒኤፍ ውስጥ ዲስታንስ ኦኤስፒኤፍ ኤክስተርናል 180 ብትሉ ኦኤስፒኤፍ ውስጥ ከውጭ የገባው ከ170ው ያነሰ ይታመናል (ቁጥሩ ስለሚበልጥ)፤ መንገዱም ይስተካከላል። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ ላብ ላይ እናየዋለን፤ ደወሏን ተጫኗት። ቻው!