ብዥታን መርጦ ማንሳት፦ ጣራ ሥር ባለ የበረዶ ሜዳ ላይ ስለ ብርሃንና እንቅስቃሴ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

በዚህ ብርድ የእረፍት ቀናችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ ካሜራ ይዘን ከምንተዳደረው ብዙዎቻችን እንጀራችን ሠርግ፣ ልደትና ክርስትና ነው። ሆኖም እዚሁ የተወለዱት ልጆቻችን ከእግር ኳሱ ሜዳ ባሻገር የበረዶውንም ሜዳ እየለመዱት ስለሆነ፣ «የልጄን ጨዋታ አንሣልኝ» የሚል ወላጅ በየክረምቱ እየበዛ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ጣራ ሥር የሚደረጉትን አይስ ሆኪን፣ የፍጥነት ሸርተቴንና የጥበብ ሸርተቴን ስናነሳ ብርሃኑን እንዴት እንደምንለካ፣ ብዥታንም እንዴት በፈቃዳችን እንደምናመጣ ነው።

ከብርሃኑ ልጀምር። በአማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ረግቶ የደረቀውንም ውሃ በአንድ ቃል በረዶ እንለዋለን። ለካሜራውም ነገሩ ያው ነው፤ ነጭ ሆኖ የተንጣለለ ነገር ሲያይ የብርሃን መለኪያው መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ስለሚፈልግ ብርሃኑን ይቀንሳል። እኔ በመጀመሪያው ክረምቴ ይህን ሳላውቅ የአንድ ቡድን ሙሉ ጨዋታ በአውቶማቲክ አንስቼ ቤት ስገባ፣ በረዶው አመድ መስሎ፣ የልጆቹ ፊት ከራስ ቁራቸው መከለያ ሥር ጨልሞ አገኘሁት። የጠቆረ ቆዳ ያለው ልጅ ከነጭ በረዶ ፊት ለፊት ሲቆም ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ያን ዕለት የአንዱን ልጅ ዓይን ከጨለማው ለማውጣት ስሞክር ፎቶው ሁሉ በነጠብጣብ ተሞላ፣ እናቱም የምትሰቅለው ፎቶ ሳታገኝ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በረዶውን ለክቼ መለኪያው ከሚለው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል እርከን (አንድ እርከን ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ነው) ከፍ አደርጋለሁ፤ ቁጥሮቹንም በእጅ አስሬ እስከ መጨረሻው አልነካቸውም። የሜዳው መብራት እንደ ፀሐይ ከደመና ጋር አይለዋወጥም፤ ነጭ ማሊያ የለበሰ ተጫዋች አጠገባችሁ ሲያልፍ ካሜራው ሐሳቡን እንዳይቀይር የሚያደርገውም ይኸው በእጅ ማሰር ነው።

አሁን ወደ ሹተሩ፣ ብርሃን ለአፍታ ወደሚያስገባው የካሜራ መዝጊያ፣ እንምጣ። በአንድ የሰፈር ሜዳ ላይ ጥሩ ብርሃን የምታገኙት በሹተር 1/1000 (ለሰከንድ አንድ ሺኛ ተከፍቶ)፣ በኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) እና በአይኤስኦ 3200 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፤ ሲጨምር ነጠብጣብ ያመጣል) ነው እንበል። ሹተሩን ወደ 1/30 ብታወርዱት አምስት እርከን ብርሃን ታተርፋላችሁ፤ ያንን በሙሉ ለአይኤስኦው ብትሰጡት ከ3200 ወደ 100 ይወርዳል። ወይም ሦስቱን እርከን ለአይኤስኦው ሰጥታችሁ 400 ላይ ብታቆሙት፣ የቀሩትን ሁለቱን ሌንሱን ወደ ኤፍ 5.6 ለመዝጋት ትጠቀሙባቸዋላችሁ፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀትም ይሰፋል። እንቅስቃሴን ለማሳየት ስንል ሹተሩን ማዘግየታችን የፎቶውንም ንጽሕና ይመልስልናል ማለት ነው፤ ብዙዎቻችን ይህን ሁለተኛውን ጥቅም አናስበውም።

ሦስተኛም ጥቅም አለ። አሮጌዎቹ የሜታል ሃላይድ መብራቶች እዚህ አገር በሰከንድ 120 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይናችን አያየውም፤ በ1/1000 የሚከፈት ሹተር ግን ከዚያ ርግብግቢት ቁራሹን ብቻ ስለሚይዝ፣ ተከታትለው ከተነሱ ሁለት ፎቶዎች አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊና ደብዛዛ ሆኖ ይወጣል። በ1/60 ሁለት፣ በ1/30 አራት ሙሉ ርግብግቢት ስለሚገባ ችግሩ ይጠፋል። የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ በሰከንድ 50 (እዚህ 60 ነው) በሆነበት በአውሮፓ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ 1/50 ወይም 1/25 ምረጡ።

ብዥታውን ራሱን ስናስብ የሚጠቅመው ጥያቄ «ሹተሩ ክፍት በሆነበት ጊዜ ነገሩ ስንት ሴንቲሜትር ተጓዘ?» የሚለው ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚንሸራተት ጎልማሳ ተጫዋች በ1/1000 አንድ ሴንቲሜትር፣ በ1/250 አራት ሴንቲሜትር፣ በ1/30 ሠላሳ ሦስት ሴንቲሜትር ይሄዳል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የተመታ ፓክ (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታው ክብ ጎማ) ደግሞ በ1/1000 እንኳ ከአራት ሴንቲሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ ወርዱ 7.6 ሴንቲሜትር ብቻ የሆነው ጥቁር ጎማ ከግማሽ ወርዱ በላይ ተንሸራቶ ይታያል። አንድ ሜዳ ላይ ሁለት ፍጥነት አለና፣ አንድ ሹተር ለሁሉም አይሆንም። እኔ የማልወደው መካከለኛውን ነው፤ በ1/200 የተነሳ ፎቶ እግሩ በጥቂቱ ስለሚደበዝዝ፣ ተመልካቹ ፎቶ አንሺው ተሳስቶ እንጂ አስቦ ያነሳው አይመስለውም። ወይ 1/1000 ላይ አቁሙት፣ ወይ 1/30 ድረስ ውረዱና ብዥታው በግልጽ ይታይ።

ወደ 1/30 ስንወርድ ግን በፎቶው ውስጥ የረጋ ነገር ያስፈልገናል። በሠርግ አዳራሽ እስክስታ ስናነሳ ፍላሹ ፊቱን ያቆምልናል፣ የዘገየው ሹተር ደግሞ የትከሻውን ንቅናቄ ይተውልናል። በበረዶ ሜዳ ላይ ያ መፍትሔ የለንም፤ በአየር ላይ የሚዞርን ልጅ ዓይን በብልጭታ መምታት አደጋ ነው፣ በጥበብ ሸርተቴ ውድድሮችም ፍላሽ ክልክል ነው። ስለዚህ የረጋውን ነገር የምናገኘው ወይ ካሜራውን ከሯጩ ጋር አብረን በማዞር፣ ወይ ካሜራውን አቁመን የቆመ ሰው በመፈለግ ነው።

አብሮ ማዞርን የፍጥነት ሸርተቴን ያህል የሚያስተምር ስፖርት አላውቅም። በ2019 ሩሲያዊው ፓቬል ኩሊዥኒኮቭ በሶልት ሌክ ሲቲ 500 ሜትሩን በ33.61 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ከቆመበት የተነሳበትን ጊዜ ጨምሮ በአማካይ በሰከንድ ወደ 15 ሜትር ገደማ ሄዷል፤ በ1/30 ይህ ግማሽ ሜትር ነው። ነገር ግን የሯጩን አቀማመጥ ቀረብ ብላችሁ አስተውሉ። ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ራሱ ከፍ ዝቅ አይልም፤ የሚወራጩት እግሮቹና አንድ እጁ ብቻ ናቸው። ካሜራችሁ ከራሱ ጋር እኩል ከዞረ ፊቱ ጥርት ይላል፣ እግሮቹ ይቀልጣሉ፣ ከኋላው ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳም የቀለም ጅራት ይሆናል። እንደ ሆላንዱ ቲያልፍ ባለ 400 ሜትር መም ላይ ወደ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ ካገኛችሁ፣ ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የኩርባው እምብርት ነው። እዚያ ስትቆሙ ሯጩ ዙሪያችሁን ስለሚዞር ርቀቱ ብዙም አይለወጥም፤ ትኩረቱም አይስትም፣ የምትዞሩበትም ፍጥነት አይዛነፍም። በሆኪ ሜዳ ላይ ግን ተጫዋቹ ወደ እናንተ ሰያፍ ከመጣ መጠኑ እየተለወጠ ስለሚሄድ የቱንም ያህል ብትዞሩ ፊቱ አይጠራም፤ በፊታችሁ አግድም የሚያልፈውን ጠብቁ። እግራችሁን ተክላችሁ ከወገባችሁ ዙሩ፣ ሹተሩን ከተጫናችሁ በኋላም መዞሩን አታቋርጡ።

ሁለተኛውን መንገድ በረኛው ያስተምረናል። ጨዋታው ከጎሉ ራቅ ሲል በረኛው በዱላው ላይ ደገፍ ብሎ ለአፍታ ይረጋል፣ የቀሩት ግን ይሯሯጣሉ። ካሜራውን ባለ አንድ እግር ማቆሚያ ላይ አስደግፋችሁ በ1/8 ብታነሱ፣ በዙሪያው ያሉት ማሊያዎች ጭስ ሆነው እሱ ብቻ ሰው ሆኖ ይቀራል። ዳኛው ፓኩን ሊጥል ሲያጎነብስም እንዲሁ ነው፤ ዱላዎቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ የዳኛው ጀርባ ገና አልተነሳም።

የጥበብ ሸርተቴ ሽክርክሪት ከሁለቱም የተለየ ነው። በሰከንድ አምስት ዙር የምትሽከረከር ልጅ በ1/30 ስድሳ ዲግሪ ትዞራለች፤ ፊቷም አብሮ ስለሚዞር ይደበዝዛል። በዚህ ጊዜ ፊቷን አትፈልጉ፤ የቆመችበት የብረቱ ጫፍና የራሷ አናት ብቻ ከነዘንጉ ቀጥ ብለው ይታያሉ፣ ቀሚሷ ደግሞ ክብ ይሆናል። ያ ለእኔ ከማንኛውም የዝላይ ፎቶ ይበልጣል። ለእናቷ ግን አስቀድማችሁ በ1/1000 ፊቷን ያዙላት።

የሆኪ ሜዳውን ስለሚከበው መስታወት አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ከጥርት መስታወቱ በስተጀርባ ስትሠሩ ሌንሱን አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጉት፤ ካሜራው ሲዞር ግን ሰያፍ ስለሚሆን የመስታወቱ ውፍረትና ጭረቱ ፎቶውን ያበላሻል። ስለዚህ አብሮ የማዞሩን ሥራ ከመስታወቱ በላይ ካሉት መቀመጫዎች ሥሩ። ልምምዱንም ከጨዋታው በፊት ካለው ማሟሟቂያ ጀምሩ፤ ተጫዋቾቹ የየራሳቸውን ግማሽ ሜዳ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መስመር ላይ ደጋግመው ይዞሩታል፣ ያመለጣችሁ ልጅም ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ተመልሶ በፊታችሁ ያልፋል።

አመሰግናለሁ።