ወረቀቱን ያነበበው ሰውዬ

እሺ፣ ዛሬም እንግዳ የለም። ባለፈው የቺሊን ነገር ጀምሬ ሰዓት አለቀና ተውኩት፤ እሱ ግን አልተወኝም።

እ.ኤ.አ. ማርች 1974። ስኮትላንድ፣ ኢስት ኪልብራይድ፣ የሮልስ ሮይስ ፋብሪካ። ቦብ ፉልተን ሞተር ተቆጣጣሪ ነው። ለጥገና የመጣ የጄት ሞተር ፊቱ አለ፤ ኤቨን የሚሉት፣ የሆከር ሃንተር ተዋጊ አውሮፕላን ሞተር። ወረቀቱን ያያል፤ የቺሊ አየር ኃይል። ሴፕቴምበር 11፣ 1973፣ በመፈንቅለ መንግሥቱ ቀን፣ ዋና ከተማዋ ሳንቲያጎ ላይ ላ ሞኔዳ ቤተ መንግሥትን የደበደቡት ሃንተሮች ናቸው። ፉልተን እንደማይሠራበት ተናገረና ተወው።

እስቲ እዚች ጋ እንቁም። የተቆጣጣሪ ሥልጣኑ ፊርማው ነው። እሱ ካላለፈው ሞተሩ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አይሄድም። ሃንተር ደግሞ ባለ አንድ ሞተር ነው፤ መለዋወጫ ሞተር ከሌለ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። ግን ብቻውን ቢሆንስ? ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ይተኩበት ነበር። ያጸናው የሠራተኛ ማኅበሩ ነው። ባልደረቦቹ፣ ጆን ኪናንና ሮበርት ሶመርቪል ሳይቀሩ፣ አብረውት እምቢ አሉ። የሚፈታው፣ የሚያነሳው፣ የሚጭነው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ሞተሮቹ በሣጥናቸው ግቢ ውስጥ፣ ደጅ፣ አራት ዓመት ግድም ተቀመጡ።

አሁን ደግሞ "የብሎን ክፍል ተጀመረ" በሉ፣ ለምጄዋለሁ። ጄት ሞተር ሲቀመጥ መከላከያ ዘይት ይቀባል፣ ክፍት አፉ ሁሉ ይደፈናል፣ እርጥበት የሚመጥ ነገር ይገባበታል። እሱም በየጊዜው ይለወጣል። ካልተለወጠ፣ የስኮትላንድ ዝናብ እንደሆነ አይጠፋም፣ እርጥበቱ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። ዝገቱ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድጓድ ይበላል። በዓይን ኢምንት ናት፤ በደቂቃ ብዙ ሺህ ዙር ለሚሽከረከር ነገር ግን መንቀጥቀጥ ናት። ከዚያ ብሌዶቹ ከሽፋኑ ጋር ያላቸው ክፍተት ጠባብ ነው፣ ትንሽ ቢዛነፉ ይፋተጋሉ... ይብቃኝ።

በ1978 ሞተሮቹ በሌሊት ተጭነው ተወሰዱ።

ታዲያ ጠቀመ? በ2015 የቺሊ መንግሥት ፉልተንን፣ ኪናንንና ሶመርቪልን ኒሻን ሸልሟቸዋል፣ እሰየው። ግን ያው አየር ኃይል በ1976 ከአሜሪካ ኤፍ-5 ጄቶች ተረክቧል። አንዱን በር ስትዘጋ በሌላው ይገባል። ይህን ሳስብ ሞራሌ ውርድ ይላል። መፈንቅለ መንግሥቱን የመራው ፒኖቼ እስከ 1990 ሥልጣን ላይ ቆየ እኮ! ኋላ ደግሞ... አምባገነን መሣሪያ ሲገዛ የሚገዛው ዕቃውን ብቻ አይደለም፣ የሃያ ዓመት ጥገናም ነው። እዚያ ላይ ማቆም መግለጫ ከማውጣት በላይ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልኩት።

የደብሊኗ የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሜሪ ማኒንግም በ1984፣ በአፓርታይድ ዘመን፣ የደቡብ አፍሪካ ግሬፕፍሩት ሒሳብ አልመታም ያለችው ከየት እንደመጣ ስለምታውቅ ነው። ሁለቱም መድረሻውን ወይም መነሻውን አይተዋል። የሚረብሸኝ ይሄ ነው። ዛሬ መጋዘን ውስጥ ያለው ልጅ የሚያየው ባርኮድ ነው። ሶፍትዌር ከሆነ ደግሞ ሣጥንም የለው፣ ጥገናው በኢንተርኔት ይላካል። እምቢ የሚል ሰው ጠፍቶ ሳይሆን፣ ምን እንደሆነ የሚያነብበት ወረቀት... ወይስ ማኅበሩ ነው የጠፋው? ሁለቱም መሰለኝ። አይ፣ ቆይ፣ ወረቀቱ ቢኖርስ፣ ማኅበር ከሌለ...