ታንከሩን ማን ያነሣዋል?

(ከክረምቱ በፊት በድሬዳዋ ለቀበሌ አመራሮች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለበጎ ፈቃደኞች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደብን፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ብርድ ልብሱና ስለ ዱቄቱ ዛሬም ይወራል። እነዚያ ሺዎች በማግስቱ ጠዋት የት ተጸዳዱ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ሳላፍር እጠይቃለሁ፤ ኮሌራ ይሉኝታ የለውም።

ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ እርዳታ መመሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 ሰው፣ ቆየት ሲል ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ይላል። ቁጥሩን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ዓይነቱ ነው። ከተማችን የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ የሳቢያንን የውኃ ጉድጓዶች ታውቋቸዋላችሁ። በአሸዋ ውስጥ የተቆፈረ ሽንት ቤት ወይ ይናዳል፣ ወይ የያዘውን ወደ ውኃው ያሰርጋል። ከውኃ ምንጭ 30 ሜትር ማራቅ የተለመደ ቢሆንም በአሸዋማ መሬት ይህም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ በወንዙ ዳር ጉድጓድ ባይቆፈር እመርጣለሁ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ፣ ሥሩ ዝግ ታንከር የሆነ መጸዳጃ ይሻላል።

ታንከር ግን ይሞላል፤ ያውም ቶሎ። መምጠጫ መኪና በማይገባበት ቦታ ከተተከለ ከጉድጓዱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። መኪናው ቢገባስ የመጠጠውን የት ይደፋል? ለጋሾች የፕላስቲኩን ቤት በደስታ ይሰጣሉ፤ ለማስወገጃው ነዳጅ የሚከፍል ግን እምብዛም አይገኝም።

ሌላው ተጠቃሚው ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚታጠበው በውኃ ነው። ሽንትን ለይቶ የሚያስቀር ደረቅ መጸዳጃ በሥዕል ሲታይ ያምራል፤ የመታጠቢያው ውኃ ለብቻው መውረጃ ካልተበጀለት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል። መቀመጫው ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ ሶላት አቅጣጫ፣ ፊቱን ወይም ጀርባውን ከሰጠ ደግሞ ሙስሊም ወገኖቻችን አይገቡበትም፤ አናጺው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሽማግሌ ቢጠየቅ ምን ይጎዳል? ለሴቶች ከወንዶች ሦስት እጥፍ ይሠራ፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በርና የሌሊት መብራትም ይኑረው። በጨለማ ፈርታ የቀረች ሴት ካለች ያ መጸዳጃ አልተሠራም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቀበሌ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ ጎርፍ የማይደርስበትን ቦታ፣ መኪናው የሚገባበትን መንገድና የማስወገጃውን ኃላፊ ስም በጽሑፍ እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ። የእጅ መታጠቢያና ሳሙና ከየመጸዳጃው ጋር አብረው ይቆጠሩ።

አመሰግናለሁ።