ቅርንጫፍ ሐ ምን አጠፋ? ቅልጥፍናን በዲኢኤ ስንለካ

[ስክሪኑ ላይ፦ ሦስት ነጥቦች፣ ሀ፣ ለ እና ሐ]

ሦስት ቅርንጫፎች ያሉት መሥሪያ ቤት አለ እንበል። ሦስቱም በቀን 500 ሰው ያስተናግዳሉ። ሀ 10 ሠራተኛና 4 ኮምፒውተር አለው። ለ የሱ ተቃራኒ ነው፣ 4 ሠራተኛና 10 ኮምፒውተር። ሐ ደግሞ ከሁለቱም 10፣ 10 ይዞ ተቀምጧል።

ሐ እንደሚያባክን ለማወቅ ሂሳብ አያስፈልግም። ግን ምን ያህል? ከሀ እና ከለስ የቱ ይሻላል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጠላለፈው፣ ምክንያቱም አንድ ሠራተኛ ስንት ኮምፒውተር እንደሆነ የሚነግረን የለም። ሁሉንም በገንዘብ እንተምን ብትሉ ደግሞ ትምህርት ቤት ላይ ስትደርሱ ትቆማላችሁ፤ ማንበብ የቻለ ልጅ ላይ ዋጋ አልተለጠፈበትም።

የዛሬው የቅልጥፍና መለኪያ ዘዴያችን ዲኢኤ የተወለደውም ከዚሁ ችግር ነው። ኤድዋርዶ ሮድስ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ሲሠራ፣ የአሜሪካ መንግሥት ችግረኛ ተማሪዎችን ለማገዝ የጀመረውን ፕሮግራም ውጤት መመዘን ነበረበት። በ1978 እ.ኤ.አ. ከኤብርሃም ቻርንስና ከዊልያም ኩፐር ጋር ሆነው ዘዴውን አሳተሙት። ማይክል ፋረል በ1957 የጻፈው ሐሳብ መሠረት ሆኗቸዋል። ሙሉ ስሙ ዳታ ኢንቨሎፕመንት አናሊሲስ ነው፤ እኛ ግን ዲኢኤ እያልን እንቀጥል፣ ምላስም ይረፍ።

ብልሃቱ ምን መሰላችሁ? የሚዛኑን ምርጫ ለተመዛኙ ይሰጡታል። በቃ። ሠራተኛው ምን ያህል፣ ኮምፒውተሩ ምን ያህል ይመዝን የሚለውን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለራሱ እንዲያደላ አድርጎ ይመርጣል። አንድ ገደብ ብቻ አለ፦ በመረጠው ሚዛን ሌሎቹም ይመዘናሉ፣ ማንም ደግሞ ከ100 በመቶ ማለፍ አይችልም።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሐ ሚዛን ሲመርጥ]

ሐ ይሞክር። ሠራተኛ ብቻ ይቆጠር ቢል፣ ለ ያንኑ ሥራ በ4 ሰው ስለሚጨርስ ሐ የሚያገኘው 40 በመቶ ነው። ኮምፒውተር ብቻ ቢልም ሀ በ4 ስለሚሠራ ያው 40። ሁለቱ እኩል ይቆጠሩ ሲል የሱ ድምር 20፣ የሀ እና የ«ለ» ድምር ደግሞ 14፣ 14 ይሆናል፤ 14 ለ20 ሲካፈል 70 በመቶ። ከዚህ የተሻለ ሚዛን የለውም። የምወደውም ይህንን ነው፣ ሐ «አድልታችሁብኛል» ማለት አይችልም፤ መራጩ ራሱ ነበራ!

በሥዕል ስታዩት፣ ሀ እና ለን የሚያገናኘው መስመር የቅልጥፍና ድንበር ይባላል፤ ነጥቦቹን ከውጭ ያቀፋቸዋል፣ «ኢንቨሎፕመንት» (ማቀፍ፣ መሸፈን) የሚለው ስምም የመጣው ከዚያ ነው። የመስመሩ መሐል 7 ሠራተኛና 7 ኮምፒውተር ያለው፣ በእውን የሌለ ቅርንጫፍ ነው። ሐ የሚወዳደረው ከሱ ጋር ነው። ስለዚህ 3 ሠራተኛና 3 ኮምፒውተር ትርፍ ይዟል ማለት ነው። ስሌቱ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ነው፣ ማለትም በተሰጡ ገደቦች ውስጥ የተሻለውን ምርጫ የሚፈልግ የሂሳብ ዘዴ፣ ለየቅርንጫፉ አንድ አንድ ጊዜ ይሠራል። ለትንሽ ዳታ ኤክሴል ውስጥ ያለው ሶልቨር የሚባል መሣሪያ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ጉዱን ልንገራችሁ። ሀ 100 በመቶ ያገኘው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተንጠልጥሎም ሊሆን ይችላል። ግብዓት (እንደ ሠራተኛና ኮምፒውተር) እና ውጤት (እንደ ተስተናጋጅ ሰው) ባበዛችሁ ቁጥር ሁሉም የሚመቸውን ጥግ ያገኝና መቶ በመቶ ይሞላል። በልምድ የተመዛኞቹ ቁጥር የግብዓትና የውጤት ዓይነቶች ድምር ሦስት እጥፍ ቢሆን ይመከራል። የኛ ምሳሌ ሁለት ግብዓትና አንድ ውጤት ስላለው 9 ቅርንጫፍ ይፈልግ ነበር፤ 3 ይዘን ነው የምንፎክረው። የቅርንጫፍ መጠን ጉዳይም አለ። የ1978ቱ ሞዴል ግብዓት እጥፍ ሲሆን ውጤትም እጥፍ ይሆናል ብሎ ስለሚያስብ ትንሹን ከግዙፉ ጋር ያጋጫል። በ1984 ራጂቭ ባንከር ከቻርንስና ከኩፐር ጋር ያወጣው ሞዴል ይህንን አላልቶታል።

[ስክሪኑ ላይ፦ አዲስ ነጥብ፣ መ]

መ የሚባል ቅርንጫፍ ተከፈተ። 6 ሠራተኛ፣ 6 ኮምፒውተር፣ ያው 500 ሰው። ድንበሩ ወደ ዜሮው ጥግ ተጠጋ፣ ሐም ከ70 ወደ 60 ወረደ። ሐ ምን አጠፋ? ምንም! ዲኢኤ የሚለካው ከተሰለፉት ጋር አነጻጽሮ ነው። 100 ያገኘም ቢሆን ከዚያ ሰልፍ ውስጥ የበለጠው አልተገኘም እንጂ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ የሐን ኃላፊ ከመጥራቱ በፊት ታዲያ መ ጋ ይደውል። ለምሳሌ መ 3 የኮንትራት ሠራተኞቹን ሳይቆጥር ቀርቶ ከሆነ፣ እውነተኛው ቁጥሩ 9 ሠራተኛና 6 ኮምፒውተር ነው። ያኔ መ ራሱ (14 ለ15 ሲካፈል) ወደ 93 በመቶ ይወርዳል፣ ሐም ወደ 70ው ይመለሳል።