«ኦርጅናል ነው እንዴ?»

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም፣ ድምፄም ትንሽ ጎርነን ብሏል ጉንፋን ይዞኛል ታገሱኝ። ዛሬ የማወራውን ነገር ሁለቴ ቀድቼው ሁለቴም አጥፍቼዋለሁ፣ ምክንያቱም እኔንም ያስወቅሳል።

የባች ግሩፕ አለን ቴሌግራም ላይ። ዩኒቨርሲቲ አብረን የጨረስን ልጆች፣ ሁለት መቶ ምናምን ሰው፣ ግማሹ አዲስ አበባ ግማሹ ዱባይ ዲሲ ተበትኗል። አድሚን እኔና አንድ ልጅ ነን፣ እሱ ስሙ ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ አድሚኗ እኔ ነኝ በሉት። ያው የባች ግሩፕ ታውቁታላችሁ፣ ሰርግ ሲሆን መዋጮ፣ ለቅሶ ሲሆን መዋጮ፣ በመሀል ቀልድ። ቀልዱ ደግሞ ስቲከር ነው። አንዷ ፕሮፋይሏን ስትቀይር ወዲያው ፊቷን ቆርጦ ስቲከር የሚሰራ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው እውነቱን ለመናገር፣ ጀበና ያስይዛታል፣ የትራፊክ ፖሊስ ልብስ ያለብሳታል፣ እኛ እንስቃለን። እሷም ትስቃለች። ማለቴ... የሳቅ ኢሞጂ ትልክ ነበር፣ እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

አንድ ማታ ግን ሌላ ሰው፣ ያቺኑ ተቆርጣ የተዘጋጀች ፊት ወስዶ እነዛ ኤአይ አፖች ላይ አስገባትና የወጣውን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለቀቀው። ምን አይነት ፎቶ እንደሆነ አልገልፅም፣ ገብቷችኋል።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ «ይጥፋ» ያለ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ኮመንት «ኦርጅናል ነው እንዴ?» ነው። በቃ ከዛ ችሎት ተቀመጠ። አንዱ ኤአይ ጣት ላይ ይሳሳታል ብሎ ጣቷን ዙም አድርጎ ይቆጥራል፣ አንዷ «የጆሮ ጌጡን እዩት አንድ ጎን ብቻ ነው» ትላለች፣ ሌላው መብራቱ ከየት እንደመጣ ያስረዳል። አንድ ደግ ልጅ፣ በጣም ደግ ነው የምላችሁ፣ ፎቶው ቅንብር መሆኑን ለማስረዳት ብሎ በቀይ እያከበበ መልሶ ፖስት አደረገው! እሷን ሊከላከልላት እኮ ነው። እኔ አድሚኗ ደግሞ ምን ብዬ ፃፍኩ፣ «ተረጋጉ፣ መጀመሪያ እናጣራ»። ሳጣራ አራት ሰዓት ተኩል ቆየ ፎቶው። ከዛ አጠፋሁት፣ የለጠፈውን ባን አደረግኩት፣ እሷ ግን ቀድማ ሌፍት ብላ ወጥታለች፣ ምንም ሳትል።

ከዛ ወዲህ የሚበላኝ ነገር ምኑን ነበር የማጣራው? ኦርጅናል ቢሆን ኖሮ ልተወው ነበር? እሷ እንደሆነ አንዴም «ለጥፉልኝ» አላለችም፣ መልሱ ከመጀመሪያው እዛው ነበር፣ አንድም ጣት ሳይቆጠር።

መቀናበሩ ራሱ ደግሞ ለኔ ችግሩ አይደለም። እናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ የታላቅ እህቴ የሰርግ ፎቶ ተሰቅሏል፣ አባታችን አጠገቧ ቆሟል፣ አባቴ ግን ከሰርጉ ስድስት አመት በፊት ነው ያረፈው። ሰፈር ያለው ፎቶ ቤት ነው ከመታወቂያ ፎቶው ቆርጦ ሙሉ ልብስ አልብሶ ያቆመልን። አንገቱ ላይ ትንሽ ጠመም ብሏል፣ ማንም ልብ አይለውም። ሀሰት ነው ይሄ ፎቶ? አዎ ሀሰት ነው። እናቴ ግን በየቀኑ አቧራውን ትጠርገዋለች።

ያው ፎቶ ቤት ደግሞ የሰፈሩን ቆንጆ ልጅ የምርቃት ፎቶ ሳይጠይቃት አሳድጎ መስታወቱ ላይ ይሰቅል ነበር፣ ፎቶው ፍፁም ትክክለኛ ነው፣ ምንም ያልተነካ፣ ግን አባቷ መጥተው ተጣልተው አስወረዱት፣ ትዝ ይለኛል። እና አንድ ጠበቃ ጓደኛዬ ይሄን ሳጫውታት «እሱማ ሕግ ነው» አለችኝ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 ላይ የአንድን ሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ አይቻልም ይላል። አንቀጽ 28 ላይ ደግሞ ታዋቂ ሰው፣ ባለስልጣን፣ በአደባባይ የተደረገ ነገር ምናምን እያለ ከዚህ የሚወጡትን ያስቀምጣል። ኢንተርኔት ባልነበረበት ጊዜ የተፃፈ ሕግ ነው፣ እና የጠየቀው ጥያቄ «እውነት ነው ወይ» አይደለም፣ «ፈቅዳለች ወይ» ነው። እኛ በስማርት ፎን ዘመን ጣት እንቆጥራለን።

ትልልቆቹም እኮ የኛን ስህተት ነው የሰሩት። ሜታ፣ የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት፣ ኦቨርሳይት ቦርድ የሚባል አለው፣ ውሳኔዎቹን የሚገመግም፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2024 ሁለት ኬዞች አይቶ ነበር፣ ሁለቱም በኤአይ የተሰሩ የታዋቂ ሴቶች የራቁት ምስሎች፣ አንዷ አሜሪካዊት አንዷ ህንዳዊት። የአሜሪካዊቷ በሚዲያ ስለተወራበት ሜታ የሚወርዱ ምስሎች መዝገብ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ነበርና ቶሎ ወረደ። የህንዳዊቷን ሰው ሪፖርት ቢያደርግም በ48 ሰዓት ውስጥ የሚያየው ስላልተገኘ ሪፖርቱ በራሱ ተዘጋ፣ ይግባኝ ሲልም እሱም እንደዛው ተዘጋ፣ ፎቶው የወረደው ቦርዱ ጉዳዩን ካነሳው በኋላ ነው። ቦርዱ ከሰጠው ምክር ውስጥ እኔን የያዘኝ ትንሽ ነገር ናት፣ የሜታ ደንብ «አዋራጅ» ወሲባዊ ፎቶሾፕ ይል ነበር፣ ቦርዱ «አዋራጅ» የሚለውን አውጡና «ያለ ፈቃድ» በሉት አለ። አንድ ቃል ናት። ግን «አዋራጅ» ካልክ ቁጭ ብለህ ያዋርዳል አያዋርድም ትከራከራለህ፣ እንደኛ ግሩፕ።

የሚገርመው አሜሪካኖቹ በግንቦት 2025 ያወጡት ሕግም 48 ሰዓት ነው የሚለው፣ የራቁት ፎቶው ያለ ፈቃዱ የተለጠፈበት ሰው ካመለከተ ኩባንያው በ48 ሰዓት ማውረድ አለበት፣ ኤአይ የሰራውንም ጨምሮ። አንዱ ጋ 48 ሰዓት ሪፖርትህ የሚሞትበት ነው፣ ሌላው ጋ ፎቶው የሚሞትበት። ግን 48 ሰዓትም ቢሆን... በጥር 2024 የቴይለር ስዊፍት ሀሰተኛ ምስሎች ኤክስ ላይ ሲለቀቁ አንዱ ፖስት ወደ 17 ሰዓት ቆይቶ ከ45 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። እሷ ጠበቃ አላት፣ ሰራዊት የሚያክል አድናቂ አላት። የኔ ጓደኛ ያላት አድሚን እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። ከሁለት ወር በኋላ፣ አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ሰማችኝ፣ ስለ ስቲከሮቹም ጠየቅኳት፣ «የጀበናዋን ወድጃት ነበር፣ ሌሎቹን ግን ማን ጠየቀኝ» አለች። ከዛ እኔ ልረዳ ብዬ ስቶፕ ኤንሲአይአይ ስለሚባለው፣ እንዲህ አይነት ፎቶ ያለ ፈቃድ እንዳይሰራጭ ስለሚያግዘው ድረ ገጽ ነገርኳት፣ ከ18 አመት በላይ ለሆነ ሰው ነው፣ ፎቶውን ለማንም አትልኪም፣ ስልክሽ ላይ እንዳለ እንደ አሻራ አይነት ኮድ ይሰራለታል፣ ኮዱ ብቻ እነ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ ጋ ይደርሳል፣ እዛ ሊለጠፍ ሲል ይለዩታል፣ በስርዓቱ ላልተመዘገበ ኩባንያ ግን አይሰራም አልኳት።

«ፎቶው ግን እጄ ላይ መኖር አለበት ማለት ነው» አለች።

«አዎ።»

«እኔ አላስቀመጥኩትም። አንቺ ጋ አለ?»

እኔ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼዋለሁ ልል አፌን ከፍቼ፣ እስቲ ልየው ብዬ ጋለሪዬን ወደ ኋላ ሳብኩት። የኔ ቴሌግራም ለካ ግሩፕ ላይ የተላከውን ሁሉ ራሱ እያወረደ ያስቀምጣል። ከልጄ የልደት ፎቶና ከመብራት ደረሰኝ መሀል ቁጭ ብሏል፣ ሁለቱም፣ በቀይ የተከበበውም።

«አለ» አልኳት።

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ከዛ «ሁለት ወር ሙሉ?» አለችኝ።