ነብር የሚጠራው ሽታ፦ ጃሃይኛና ተናጋሪዎቹ

ሰላም ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ! ዛሬ ወሬ ከመጀመራችን በፊት ሥራ እንሠራለን። ቪዲዮውን ማቆም አያስፈልግም፣ እዚሁ አብረን ነን።

ጥያቄው ይኸውላችሁ፦ ቡና ሲቆላ ምን ምን ይሸታል?

ደንብ አለ። «ቡና ቡና» ያለ ተሸንፏል። «ደስ ይላል» ያለም ተሸንፏል፤ ሽታውን ንገሩኝ አልኩ እንጂ ደስታችሁን አልጠየቅኩም። «ያውዳል» ላላችሁ ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ፤ አበባም ያውዳል፣ ሽቶም ያውዳል።

እስቲ ጊዜ ወስደን እናስበው። ታጥቦ ገና ምጣዱ ላይ ሲፈስ አንድ ሽታ አለው፤ እርጥብ ነው፣ ጥሬ ነው፣ ቡና ለመሆን ገና አልወሰነም። ውኃው ሲደርቅና ፍሬው ሲቀላ ሌላ ነው። መንጣጣት ሲጀምር ሌላ ነው። ዘይቱን አውጥቶ ሲያብረቀርቅ፣ ቆይዋ ተነሥታ ጭሱን በእንግዶቹ ፊት ስታዞረው፣ እጃችንን ዘርግተን ወደ ፊታችን ስንስበው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ነው። ትንሽ ከቆየ ማረር ይመጣል፤ እሱም ሌላ ነው። አፍንጫችን ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ይለያል። የጎረቤት ቡና እንዳረረ ግድግዳ ማዶ ሆነን እናውቃለን፤ አውቀንም እናማለን። ስም ስጡት ስንባል ግን «የቡና ሽታ» ብለን ዝም።

አሁን ቀለሙን ልጠይቃችሁ። የበሰለ የቡና ፍሬ ቀለሙ ምንድን ነው? ቀይ። አለቀ። ማንም «እንደ በርበሬ ያለ» ብሎ አልተንተባተበም። ቀይ የበርበሬም ነው፣ የደምም ነው፣ የትራፊክ መብራትም ነው፤ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የተቆላውስ? ቡናማ! ቡና ቡናማ ነው ማለት ነው እንግዲህ፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቃል አለ። አንደኛው የ«ቀይ» ዓይነት ነው፣ ከማንኛውም ነገር ነጻ የወጣ። ሁለተኛው የ«ቡናማ» ዓይነት ነው፣ ከአንድ ነገር ላይ ተውሶ የመጣ። ለሽታ ያሉን ቃላት በአብዛኛው የቡናማ ዓይነት ናቸው፦ የቀረፋ ሽታ፣ የሳሙና ሽታ፣ የጭስ ሽታ።

የዛሬዎቹ ባለታሪኮቻችን ግን ለሽታ የ«ቀይ» ዓይነት ቃላት አሏቸው። አንድ ሁለት አይደለም፣ አንድ ደርዘን ያህል።

ጃሃይ ይባላሉ። ቋንቋቸው ጃሃይኛ ነው፤ ተናጋሪዎቹ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎች ናቸው። የሚኖሩት በሰሜን ማሌዢያ፣ ፔራክና ኬላንታን በሚባሉት ግዛቶች ተራራማ ደን ውስጥ ነው፤ ከታይላንድ ድንበር ብዙም አይርቅም። በማሌዢያ «ኦራንግ አስሊ» ከሚባሉት፣ ማለትም ከጥንት ጀምሮ በማላይ ልሳነ ምድር ላይ ከኖሩት ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው። መንግሥት 18 የኦራንግ አስሊ ቡድኖችን መዝግቧል።

አሁን ቶሎ ቶሎ እንለፍ። ጃሃይኛ የማላይ ቋንቋ ዘዬ አይደለም፤ ዝምድናም የላቸውም። ማላይ ኦስትሮኔዢያዊ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ነው፣ ጃሃይኛ ኦስትሮኤሺያዊ ከሚባለው ነው። «ታዲያ ከአውስትራሊያ ነው የመጡት?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አይደለም። «ኦስትሮ» በላቲን ደቡብን የሚያመለክት ነው፤ አውስትራሊያም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ነው፣ ነገሩ በዚህ ያበቃል። የጃሃይኛ ትልልቅ ዘመዶች ቬትናምኛና የካምቦዲያው ክመር ናቸው፤ ሕንድ ውስጥ ደግሞ ሳንታሊ አለ። ቤተሰቡ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተናጋሪ አለው፤ እጅግ የሚበዙት ቬትናሞች ናቸው። በማሌዢያ ደን ያለው ቅርንጫፍ «አስሊያን» ይባላል።

ሰዋስው፦ ቅጥያ ከፊት ብቻ ሳይሆን ቃሉ መሀልም ይሰነቀራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ብዙ አያስደነግጥም፤ እኛም ሰበረን ከውስጥ ገብተን ሰባበረ እናደርጋለን። አናባቢዎቹ ከእኛ ሰባት ይበልጣሉ፤ ከፊሎቹ በአፍንጫ ይወጣሉ። የስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኒክላስ ቡረንሁልት ሙሉ ሰዋስዉን በ2005 አሳትሟል። በዚህ ቪዲዮ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዋስው ጨረስን። የተቀየመ ካለ ቻናሉ ላይ ስለ ላ ጎሜራ ደሴት የፉጨት ቋንቋ የሠራሁትን ቪዲዮ ይመልከት፤ እዚያ ሰዋስው እስኪሰለቻችሁ ድረስ አለ።

ወደ ሽታው። ቃላቱ ግሦች ናቸው፤ እኛ «ገማ»፣ «ከረፋ»፣ «ጠነባ» እንደምንለው ዓይነት። ልዩነቱ የእኛዎቹ በአመዛኙ ስድብ መሆናቸው ነው።

«ልትፕት» የሚል ቃል አላቸው። በነገራችን ላይ የቃሉ የመጨረሻ አናባቢ የእኛው ሳድስ ነው፤ ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ በደንብ ይጽፈዋል፣ በዚህ እኮራለሁ። ልትፕት የአንዳንድ አበባዎች፣ የሽቶ፣ የዱርያን ፍሬና የቢንቱሮንግ ሽታ ነው። ቢንቱሮንግ የእኛ ጥርኝ ዘመድ የሆነ የዛፍ ላይ እንስሳ ነው፤ ሽንቱ የፈንዲሻን ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር እንዳለው ተረጋግጧል። አልቀለድኩም።

«ችንጌስ» ደግሞ አለ። የቤንዚን፣ የጭስ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ የአንዳንድ ሺህ እግር ትሎችና የዱር ዝንጅብል ሥር ሽታ ነው። ዝርዝሩ የተዘበራረቀ ይመስላል? «ቀይ» ውስጥ ያሉትም ነገሮች እኮ ሌላ የሚያገናኛቸው የለም። «ሃኤት» የበሰበሰ ሥጋ፣ የሽሪምፕ ድልህና የጎማ ዛፍ ወተት ሽታ ነው። «ፕኡስ» የአሮጌ ጎጆ፣ የእንጉዳይና የከረመ ምግብ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ «ፕልኤንግ» ነው። ነብር የሚጠራ የደም ሽታ ነው። ነብር ስል የእኛን ባለ ነጠብጣቡን ሳይሆን ባለ መስመሩን የእስያ ነብር ነው። የሽኮኮ ደም ፕልኤንግ ይሸታል። የተጨፈለቀ የራስ ቅማልም ፕልኤንግ ይሸታል። ስለዚህ ቅማል መግደል ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወንድምና እኅትም ተጠጋግተው አይቀመጡም፤ ጠረናቸው ከተቀላቀለ እንደ ነውር ይቆጠራል። ጎረቤቶቻቸው ባቴኮች ደግሞ የአንዳንድ እንስሳትን ሥጋ በአንድ እሳት ላይ አያበስሉም፤ ሽታቸው ሲደባለቅ የነጎድጓዱ ጌታ ይቆጣል ይላሉ። እንዲህ ባለ አገር ሽታን በትክክል መጥራት ለጨዋታ የሚደረግ አይደለም።

ይህን ፈተና ላይ ያዋሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አሲፋ ማጂድና ቡረንሁልት ናቸው፤ ውጤቱን በ2014 አወጡት። ጃሃይ ተናጋሪዎችንና የአሜሪካ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ወሰዱ፤ 80 የቀለም ካርዶችና 12 ሽታዎች አቀረቡላቸው። ሽታዎቹ ቀረፋ፣ ሎሚ፣ ሳሙና፣ ቸኮሌት፣ ቤንዚን የመሳሰሉ ነበሩ፤ ማለትም ፈተናው ለአሜሪካኖቹ ያደላ ነበር። አሜሪካኖቹ ቀለሙን ቀጥ አድርገው ጠሩት። ሽታው ላይ ሲደርሱ ተንተባተቡ። ዕድሜውን ሙሉ ቀረፋ ሲበላ የኖረ ሰው ቀረፋ ቀርቦለት ከአንድ ማስቲካ ስም አልፎ መሄድ አቃተው። ጃሃዮቹ ለሽታውም ለቀለሙም እኩል፣ በአጭሩ፣ እርስ በርስም ተስማምተው መለሱ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ምክንያቱም ፈላስፎቹ ከጥንት ጀምረው ሽታን ንቀውታል። ፕላቶን ሽታ ደስ የሚልና የማይል ከመባል በቀር ስም የለውም ብሏል። ካንት ደግሞ ከስሜት ሕዋሳት ሁሉ ውለታ ቢስና ብንተወውም የማይጎዳን ማሽተት ነው ብሎ ጽፏል። የሰው ልጅ አእምሮ ለሽታ ስም ለመስጠት አልተሠራም ተባለ፤ መጽሐፍ ላይ ገባ፤ ጸና። አንድ ሺህ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ መጥቶ ነገሩን አፈረሰው። የሰው ልጅ ተፈጥሮ የተባለው የአውሮፓ ከተሞች ልማድ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ አስተያየት ጸሐፊዎች። ስለ ጃሃይ ያወጣሁት አጭር ቪዲዮ ሥር የተጻፈውን አንብቤአለሁ። «አፍንጫቸው እንደ ውሻ ነው።» «የጫካ ሰዎች ስለሆኑ ደመ ነፍሳቸው አልጠፋም።» ትሕትና የሚመስልም ነበረ፦ «እግዚአብሔር ለእነሱ ልዩ አፍንጫ ሰጥቷቸዋል።» ኧረ ተዉ! ፈተናው እኮ ማን ከሩቅ ያሸታል የሚል አልነበረም። ሁሉም ሰው ሽታው አፍንጫው ሥር ቀርቦለታል፤ ሁሉም ሸትቶታል። የተጠየቀው ስሙ ነው። ስም ከአፍንጫ አይወጣም፤ ስም ከማኅበረሰብ ነው የሚመጣው፣ እናት ለልጇ ስትነግረው፣ ልጁ ሲሳሳት ሲታረም። «ደመ ነፍስ» ያላችሁ ሰዎች አንድ ሕዝብ በትውልዶች የገነባውን ዕውቀት ወስዳችሁ ለአውሬ ሰጣችሁት። ቅር ብሎኛል፤ ቅር ማለቴንም አልደብቅም።

«ሙያ ነው እንጂ፤ የእኛም ቡና ቀማሾች ይችሉበታል» ያላችሁም አላችሁ። ይህ የተሻለ ክርክር ነው፤ ግን ተፈትሿል። በ2016 የወጣ ጥናት የወይን ባለሙያዎችንና የቡና ባለሙያዎችን ከተራ ሰው ጋር አወዳደረ። የወይኖቹ የወይንን ሽታ በመግለጽ ከተራው ሰው ይልቅ እርስ በርስ ተስማሙ። የቡናዎቹ ቡናን በመግለጽ ከተራው ሰው አልተሻሉም። ቡና ቀማሽ ዘመድ ያላችሁ ይህን ክፍል አታሳዩት፤ ጠብ ይነሣል።

ከሁሉም የሚያስደስተው መልስ ግን በ2018 መጣ። ማጂድና ኒኮል ክሩስፔ ወደ ሁለት ሌሎች አስሊያን ተናጋሪ ሕዝቦች ሄዱ። ሰማቅ በሪዎች አዳኝና ለቃሚ ናቸው፤ ሰመላዮች ሩዝ የሚዘሩ ገበሬዎች ናቸው። ቋንቋቸው ዘመዳሞች ነው፣ ደናቸው አንድ ዓይነት ነው። ሰማቅ በሪዎች እንደ ጃሃይ ሽታን እንደ ቀለም ጠሩ። ሰመላዮች ግን ቀለሙ ላይ ጎበዝ፣ ሽታው ላይ እንደ እኛው። እንግዲህ የቋንቋ ዝምድና ብቻውን አይበቃም፤ ደን ውስጥ መኖርም ብቻውን አይበቃም። ከደኑ ጋር በምን ተገናኝተህ ትኖራለህ የሚለው ነው ጥያቄው።

ይህም ወደሚያሳስበኝ ነገር ይወስደኛል። በ1970ዎቹ የቴመንጎር ግድብ ተሠራ፤ የጃሃይ ሸለቆዎች ሐይቅ ዋጣቸው። በ1982 ባሕር ዳርቻዎቹን ከምሥራቅ ምዕራብ የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ደኑን ሰንጥቆ ተከፈተ። ብዙ ቤተሰቦች አይር ባኑን ወደሚባለው የሰፈራ ጣቢያ ተሰበሰቡ። ከዚያ ግንድ ቆራጮች፣ ከዚያ የጎማና የዘይት ዘንባባ እርሻ። የ1954ቱ የነባር ሕዝቦች ሕግ ለኦራንግ አስሊ መሬት ይከልላል፤ የግዛቱ መንግሥት ግን ክልሉን መልሶ መሻር ይችላል። ጃሃዮች ከደን ከሚሸጡት ነገር አንዱ ማላዮች ጋሃሩ የሚሉት መዓዛማ እንጨት ነው። በገልፍ አገሮች የምትኖሩ ተመልካቾቻችን ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ኡድ ተብሎ በየቤቱ የሚጨሰው እሱ ነው። የሚያጨሰው ሰው ከየትኛው ደን፣ በማን እጅ እንደመጣ አይጠይቅም።

ነብሩም እያለቀ ነው፤ በማሌዢያ ደኖች የቀሩት ከ150 እንደሚያንሱ የአገሪቱ ቆጠራ አሳይቷል። ፕልኤንግ የሚለው ቃል የሚጠራው ነብር ሊያጣ ነው።

ቋንቋው ዛሬም በቤት ይነገራል፤ ልጆች ይማሩታል። ግን ትምህርት ቤቱ ማላይ ነው፣ ጤና ጣቢያው ማላይ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ማላይ ነው። በአካባቢው ደግሞ ከኦራንግ አስሊ ቋንቋዎች ጉልበተኛው ቴሚያር አለ፤ ከሁለት ወገን ይገፋል። በ2019 ኩዋላ ኮህ በምትባለው የባቴኮች መንደር ኩፍኝ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ከደርዘን በላይ ሰው ገደለ። አንድ መቶ ሚሊዮን ሰው የሚናገረው ቋንቋ እንዲህ ያለውን ሐዘን ቋንቋው ሳይነካ ያሳልፈዋል። ሺህ ለማይሞሉ ወይም ሺህ ብቻ ለሆኑ ሰዎች ግን የሞቱት ሰዎች የቋንቋው ሊቃውንት ነበሩ።

ሰዓት አልቆብኛል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሉንድ ቡድን ጃሃይኛን ሊመዘግብ ሱንጋይ ሩዋል ወደተባለ መንደር ገብቶ ሳለ ከነዋሪዎቹ ከፊሉ የሚናገሩት ሌላ መሆኑን አስተዋለ። አንትሮፖሎጂስቶች ቀድመው የጎበኙት መንደር ነው፤ አንዳቸውም አልሰሙትም። በ2018 ለዓለም ተነገረ፦ ጄዴክ ይባላል፣ 280 ያህል ተናጋሪ አለው፣ እሱም አስሊያን ነው። የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ እሱ ነው፤ ደወሏን ተጫኑ። ተመራማሪዎቹ መግዛት፣ መሸጥና መስረቅ የሚሉ ግሦች የሉትም፣ ለመለዋወጥና ለመካፈል ግን ቃላት ሞልተውታል ይላሉ። «እንግዲያውስ ሌባ የሌለበት አገር ነው» ብላችሁ ልትጽፉ ጣታችሁን ያነሣችሁ፣ እባካችሁ ቪዲዮው እስኪወጣ ጠብቁ።